አንድ ጠንካራ እጅ ወይስ ብዙ ደካማ እጆች? ሕዋስ የሚመርጥ ቅንጣት ለምትነድፉ የንጽጽር መመሪያ

ጥቅምት ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር በጀልባ ስንመለስ፣ ሁላችንም አቀርቅረን ከልብሳችን ላይ ጭጎጎት እንለቅም ነበር። ጉዱን ያመጣው ከመንገዱ ወጣ ብለን በቡናው መካከል ማለፋችን ነው። አብሮን የወጣው የጀልባ ነጂ ከሁላችንም ባሰበት፤ አንገቱ ላይ የጠመጠማት ፎጣ ከዳር እስከ ዳር ጭጎጎት ለብሳለች። ሸሚዙ ላይ ግን ሁለት ፍሬ ብቻ ቆጠርኩ። እነሱንም በእጁ ጠረግ ሲያደርጋቸው ሐይቁ ላይ ወደቁ። ፎጣዋን ደጋግሞ አራገፋት፤ አንድም አልወደቀ።

ፎጣዋም ሸሚዙም ጥጥ ናቸው። በአንድ ሰው ገላ ላይ ሆነው በአንድ ቁጥቋጦ መካከል አልፈዋል። ልዩነታቸው በክሩ ዓይነት ሳይሆን በብዛቱ ነው፦ ፎጣ ለጭጎጎቱ መንጠቆዎች የሚመች ብዙ የክር ቀለበት አለው፣ ሸሚዝ የለውም። አብረውኝ የነበሩት ሦስት ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን እኔ የማማክራቸው ናቸው። ጠዋት ስንሄድ የጀመሩት ክርክር ገና አልበረደም ነበር፦ መድኃኒት ተሸክሞ የታመመውን ሕዋስ ብቻ እንዲይዝ የሚፈለግ ቅንጣት ምን ዓይነት እጅ ይሰጠው? አንደኛው «ከሁሉ የሚጠነክረውን እንፈልግ» ይላል። ሁለተኛው «ያንኑ ጠንካራ እናብዛው» ባይ ነው። ሦስተኛዋ ደግሞ ዝም ብላ ፎጣዋን ትመለከታለች። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በመጀመሪያ ለእነርሱ ነው፤ ተመሳሳይ ምርጫ የገጠማችሁም ተጠቀሙበት።

ከሥራው በፊት ቃላቱን ላስተካክል። በሕዋስ ሽፋን ላይ ተተክለው መልእክት ወይም ንጥረ ነገር የሚቀበሉትን ፕሮቲኖች «ተቀባይ» እላቸዋለሁ። ቅንጣቱ ላይ ተሰክቶ ተቀባዩን የሚይዘው ሞለኪውል በሳይንሱ ሊጋንድ ይባላል፤ እኔ «እጅ» ማለትን መርጫለሁ። ቅንጣቱ ራሱ 100 ናኖሜትር ያህል ስፋት ያለው ነው እንበል።

ልዩነቱ በዓይነት ነው ወይስ በቁጥር?

ምርጫው ሁሉ የሚንጠለጠለው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሳይጠይቀው ያልፋል። ምክንያቱ የትምህርት ቤት ውርስ ይመስለኛል። ጀርመናዊው ኬሚስት ኤሚል ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1894 ኢንዛይምና የሚሠራበትን ነገር በቁልፍና በመቆለፊያ ከመሰለ ጀምሮ፣ ስለ መራጭነት ስናስብ የሚመጣልን ቅርጽ ነው፦ የሚገጥም ይገባል፣ የማይገጥም አይገባም። ቁልፍ የመቆለፊያውን ዓይነት ያውቃል፤ ግድግዳው ላይ ስንት መቆለፊያ እንዳለ ግን አይቆጥርም።

ልዩነቱ የዓይነት የሆነባቸው ጉዳዮች አሉ። በጣና ዙሪያ የምናውቀው ወባ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፕላዝሞዲየም ቪቫክስ የተባለው የወባ ተሕዋስ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ለመግባት በዋናነት ዱፊ የተባለውን ተቀባይ ይፈልጋል። አብዛኛው የምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ ይህ ተቀባይ ስለሌለው ቪቫክስ እዚያ ብዙም አይታይም፤ እኛ ዘንድ ግን ተስፋፍቶ ይገኛል። ይህ ያለ ወይም የለም የሚባል ጉዳይ ነው።

ካንሰር ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይመችም። የካንሰር ሕዋስ የራሳችን ሕዋስ ስለሆነ የሚለብሳቸው ተቀባዮችም የራሳችን ናቸው፤ ቁጥራቸው ብቻ ይበዛል። ሄር 2 የተባለው ተቀባይ በጤናማ የጡት ሕዋስ ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ እስከ 2 ሚሊዮን ይደርሳል። ይህን ተቀባይ የሚይዘው ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ ብዙ ሴቶችን ጠቅሟል። ይሁን እንጂ የልብ ጡንቻም ይህን ተቀባይ በመጠኑ ስለሚይዝ፣ መድኃኒቱን የሚወስዱ ሕሙማን የልብ ክትትል ያስፈልጋቸዋል። እዚህ ቁልፉ ትክክለኛ ነው። ችግሩ መቆለፊያው በሁሉም ቤት መኖሩ ነው።

ስለዚህ ልዩነቱ የዓይነት ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን ረጅም ሒሳብ መዝለል ትችላላችሁ፤ የመጀመሪያው አማራጭ ይበቃችኋል። የቁጥር ከሆነ ግን ቆዩ።

በአንድ ሚዛን ለመመዘን

አማራጮቹን ለማወዳደር ቀላል ሒሳብ እንጠቀም። በሰውነት ሙቀት ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ የዚህ መንቀጥቀጥ መለኪያ በሞል ወደ 2.6 ኪሎጁል ነው። ማንኛውም ትስስር ከዚህ መንቀጥቀጥ ጋር ሲታገል ይታሰራል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይታሰራል። ስለዚህ ለአንድ እጅ ነጻ የመሆን ክብደት 1 እንስጠው፤ ከአንድ ተቀባይ ጋር የመያያዝን ክብደት ደግሞ «ጥንካሬ» እንበለው። እጁ ሊደርስባቸው የሚችሉ ብዙ ተቀባዮች ካሉ፣ የመያያዝ ክብደቱ የተቀባዮቹ ቁጥር በጥንካሬው ተባዝቶ የሚገኘው ነው።

ቅንጣቱ ብዙ እጆች ካሉት የየእጁ ድምር ክብደት (የነጻው 1 ከመያያዙ ክብደት ጋር ተደምሮ) እርስ በርሱ ይባዛል። ልብ በሉ፣ ይባዛል እንጂ አይደመርም። ሁሉም እጆች ነጻ የሆኑበት አንዱ ሁኔታ መያዝ ስላልሆነ 1 ይቀነሳል። ውጤቱ በፈሳሹ ውስጥ ባለው የቅንጣት ክምችት ይባዛል፤ ከዚያ ውጤቱን ለራሱ ሲደመር 1 ስናካፍለው የተያዘውን የቦታ ድርሻ እናገኛለን።

ለሁሉም አማራጭ አንድ ዓይነት ፈተና እሰጣለሁ። ቅንጣቱ ሕዋሱን በሚነካበት ቦታ ላይ ጤናማው ሕዋስ 10 ተቀባይ አለው፣ ታማሚው 100። ክምችቱ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር አንድ ሺህኛ ነው። ቁጥሮቹ ለማነጻጸር የመረጥኳቸው እንጂ ከታካሚ ደም የተለኩ አይደሉም፤ ካልኩሌተር ይዛችሁ ተከተሉኝ።

አንድ ጠንካራ እጅ

ጥንካሬው 10 ይሁን። ጤናማው ሕዋስ ላይ 10 በ10 ሲባዛ 100፣ በክምችቱ ሲባዛ 0.1፤ የተያዘው ድርሻ 9 በመቶ ነው። ታማሚው ላይ 1,000፣ በክምችቱ ሲባዛ 1፤ የተያዘው 50 በመቶ። በሁለቱ መካከል ያለው ብልጫ አምስት ተኩል እጥፍ ያህል ነው። የተቀባዮቹ ልዩነት 10 እጥፍ ሆኖ ሳለ የተገኘው መራጭነት ከዚያ አነሰ።

ይህ የንድፍ ድክመት አይደለም። አሜሪካዊው ኢርቪንግ ላንግሙየር ጋዝ በጠጣር ገጽ ላይ እንዴት እንደሚለጠፍ እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳየበት ሕግ መሠረት፣ ባለ አንድ እጅ ቅንጣት የቱንም ያህል ጥንካሬውን ብትቀያይሩለት ብልጫው ከተቀባዮቹ ብልጫ አያልፍም። እጁን ብታደክሙት ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል፤ ያኔ ግን በታማሚው ሕዋስ ላይም የሚቀረው ቅንጣት እፍኝ አይሞላም።

የዚህ አማራጭ ጥቅሙ ቀላልነቱ ነው። ይሠራል፣ ይለካል፣ ባሕርዩ አስቀድሞ ይታወቃል። ዒላማው በጤናማ ሕዋስ ላይ ጨርሶ ከሌለ ሌላ ነገር መፈለግ ድካም ነው።

ብዙ ጠንካራ እጆች

ሁለተኛው ተማሪዬ ይህንን ሲደግፍ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ጠቀሰልኝ። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ማሰር ነው። ድሩ አንበሳውን ከበጉ ይለየው እንደሆነ ተረቱ አላለም።

ቁጥሩን እንየው። ጥንካሬው ያው 10፣ እጆቹ 10። ጤናማው ሕዋስ ላይ የአንዱ እጅ ድምር 101 ነው፤ እሱን በራሱ 10 ጊዜ ስታባዙት ከ1 በኋላ 20 ዜሮዎች ያሉት ቁጥር ይመጣል። አንድ ሺህኛ የሆነው ክምችት እዚህ ፊት ምንም አይደለም። ጤናማውም ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል፣ ታማሚውም ይሸፈናል፤ ብልጫው 1 ነው፣ ማለትም የለም። ይባስ ብሎ ጠንካራ ትስስር አንዴ ከያዘ አይለቅም። ስትሬፕታቪዲን የተባለው ፕሮቲንና ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን አንዱ ትስስራቸው ብቻውን እስኪፈታ ቀናት ይፈጅበታል፤ እንዲህ ያለ ቅንጣት መጀመሪያ ያገኘው ሕዋስ ላይ ይቀራል። የተሻለውን ፈልጎ ለመሄድ መልቀቅ መቻል ያስፈልጋል።

በእኔ ግምት ከሁሉም አማራጮች በብዛት የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ቤተ ሙከራ ውስጥ የታማሚውን ሕዋስ ብቻ በሰሃን ላይ አድርጋችሁ ስትፈትኑት ውጤቱ እጅግ ያምራል። ሁሉንም መያዝ ራሱ ግብ በሆነበት ቦታ ግን ተወዳዳሪ የለውም፦ ለምሳሌ ከውኃ ናሙና ውስጥ አንድን ባክቴሪያ አጥምዶ ለማውጣት። ሐይቁ ላይ መረብ የሚዘረጋ ዓሣ አጥማጅ ቆሮሶው እንዲያመልጠው አይፈልግም።

ብዙ ደካማ እጆች

አሁን ወደ ፎጣዋ። እጆቹ 10 ይሁኑ፤ ጥንካሬያቸው ግን ወደ 0.01 ይውረድ። ከቀድሞው በ1,000 እጥፍ የደከመ እጅ ማለት ነው።

ጤናማው ሕዋስ ላይ 10 ተቀባይ በ0.01 ሲባዛ 0.1 ነው፤ ከነጻው ጋር 1.1። ታማሚው ላይ 100 በ0.01 ሲባዛ 1፤ ከነጻው ጋር 2። በ1.1 እና በ2 መካከል ያለው ልዩነት ሲታይ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። አሁን አባዙት። 1.1 በራሱ 10 ጊዜ ሲባዛ 2.59 ነው። 2 በራሱ 10 ጊዜ ሲባዛ 1,024። አንድ ከቀነስንና በክምችቱ ካባዛን በኋላ፣ ጤናማው ሕዋስ 0.16 በመቶ ሲሸፈን ታማሚው 50.6 በመቶ ይሸፈናል። ብልጫው ወደ 318 እጥፍ ነው። የተቀባዮቹ ልዩነት ግን አሁንም 10 እጥፍ ብቻ።

ይህ ከየት መጣ? ከመንገዶች ብዛት ነው። ጤናማው ሕዋስ ላይ እያንዳንዱ እጅ ከጊዜው 9 በመቶውን ብቻ ታስሮ ያሳልፋል፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ሲይዝ ሌላው የለም፣ ቅንጣቱም ይሄዳል። ታማሚው ላይ እያንዳንዱ ግማሽ ጊዜውን ይታሰራል፤ አንዱ ሲለቅ አራት አምስት ሌሎች ይዘዋል። አሥር እጆች ከመቶ ተቀባዮች ጋር የሚጣመሩባቸው አማራጮች ብዛት ተቀባዩ ሲጨምር በአርቢ ያድጋል። በፊዚክስ ቋንቋ ቅንጣቱን ያቆየው የአንዱ ትስስር ኃይል ብቻ ሳይሆን ኢንትሮፒም፣ ማለትም የሚቻሉ አጣማመሮች ብዛት፣ ነው። ይህን ጠባይ ፍራንሲስኮ ማርቲኔዝ ቬራኮኤቼያ እና ዳን ፍሬንኬል እ.ኤ.አ. በ2011 በንድፈ ሐሳብ አብራርተው ልዕለ መራጭነት የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥተውታል። መለኪያቸውም ግልጽ ነው፦ ተቀባዩ በጥቂት በመቶ ሲጨምር የተያዘው ቅንጣት ከዚያ በበለጠ በመቶ ከጨመረ ልዕለ መራጭ ነው።

ተፈጥሮ ይህን ከእኛ በፊት ታውቀው ነበር። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በገጹ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ እጆች አሉት፤ እያንዳንዱ እጅ በሕዋስ ገጽ ላይ ያለውን ሲያሊክ አሲድ የተባለ ስኳር የሚይዘው እጅግ በደከመ ሁኔታ ነው። አብረው ሲይዙ ግን ቫይረሱ ጸንቶ ይቆያል። በሰውነታችን መከላከያ ውስጥም አይጂኤም የተባለው ፀረ እንግዳ አካል አሥር መያዣ አለው፤ ሁለት ብቻ ካለው ከአይጂጂ ይልቅ የየአንዱ መያዣ ጥንካሬ ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው፣ በብዛቱ ግን ያካክሳል።

አደጋው የት ነው? ጥንካሬው ላይ። እጆቹን ከ0.01 ወደ 0.1 ብቻ አጠንክሯቸው፦ ጤናማው ሕዋስ 50.6 በመቶ፣ ታማሚው መቶ በመቶ ገደማ ይሸፈናል። 318 የነበረው ብልጫ 2 ሆነ። ለዚህ ጥፋት የበቃው ተጨማሪ ኃይል በሞል ወደ 6 ኪሎጁል ነው፤ አንድ ተራ የሃይድሮጂን ትስስር ሊያመጣው የሚችል ነገር ማለት ነው። መጠን መጨመርም እንደዚሁ ነው። «አልሠራም» ብላችሁ ክምችቱን 100 እጥፍ ብታሳድጉት ታማሚው 99 በመቶ ይሸፈናል፤ ጤናማው ግን ከ0.16 ወደ 13.7 በመቶ ይዘላል። ብልጫው 7 ነው። ደካማ እጅ የመረጠ ሰው ብዙ መድኃኒት ማፍሰስን መተው አለበት።

የእጆች ብዛት ከቅንጣት ቅንጣት መለያየቱም አይቀርም። አማካዩ 10 ሲሆን 5 ያለውም 15 ያለውም ይገኛል። ይህ በመጀመሪያ አስፈርቶኝ ነበር፤ አስልቼ ሳየው ግን ጉዳቱ ካሰብኩት በሌላ በኩል ሆኖ አገኘሁት። 15 እጅ ያለው ቅንጣት ታማሚውን 97 በመቶ ሲሸፍን ጤናማውን ከ0.3 በመቶ ብዙም አያልፍም። 5 እጅ ያለው ግን ታማሚውን 3 በመቶ ብቻ ነው የሚሸፍነው። የእጆች አለመመጣጠን ጤናማውን ከመጉዳቱ ይልቅ መድኃኒቱን ያባክናል።

ሌላም ሒሳብ አለ፤ ሰዎች እዚህ ላይ ማቆም ስለሚወዱ ነው የማነሳው። ለአንድ ታማሚ ሕዋስ 1,000 ጤናማ ሕዋሳት ቢኖሩስ? በአንዱ ጠንካራ እጅ ንድፍ፣ በጤናማዎቹ ላይ የሚባክነው ቅንጣት ታማሚው ላይ ከሚያርፈው 180 እጥፍ ያህል ነው። በ10 ደካማ እጆች 3 እጥፍ ይሆናል። 318 እጥፍ መራጭ ሆኖም አብዛኛው ቅንጣት ጤናማ ሕዋስ ላይ ነው የሚያርፈው! እጆቹን 20 አድርጋችሁ ክምችቱን ወደ አንድ ሚሊዮንኛ ብታወርዱት ግን ታማሚው 51 በመቶ ሲሸፈን፣ ሺው ጤናማ ሕዋስ ተደምሮ ከታማሚው አንድ መቶኛ ያህሉን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ እጅ ለመጨመር ስታስቡ ክምችቱን አብራችሁ ቀንሱ።

ድብልቅ እጆች፣ እና ገፊ ፀጉር

አንዳንዴ ጤናማ ሆኖ ሳለ አንዱን ተቀባይ በብዛት የሚይዝ ሕዋስ ያጋጥማል። ታማሚው ሁለት ዓይነት ተቀባዮችን አብሮ ካበዛ እጆቹን አምስት አምስት አድርጎ መክፈል ይቻላል። ሁለቱም 100 የሆኑበት ሕዋስ እንደ በፊቱ 50.6 በመቶ ይሸፈናል። አንዱ 100፣ ሌላው 10 የሆነበት ጤናማ ሕዋስ ግን 4.8 በመቶ። ሁሉም እጆች ለመጀመሪያው ተቀባይ ቢሰጡ ኖሮ ይህ ሕዋስ እንደ ታማሚው ይያዝ ነበር። ዋጋው የሥራው ክብደት ነው፦ ሁለት እጆችን በትክክለኛ ድርሻ መስካት፣ የሁለቱንም ጥንካሬ ለየብቻ ማስተካከል።

ሌላው ዘዴ ቅንጣቱን ፖሊኢትሊን ግላይኮል በተባለ ፀጉር መሰል ሰንሰለት ማልበስ ነው። ፀጉሩ ከሕዋሱ የስኳር ሽፋን ጋር ስለሚጋፋ፣ ጥቂት ተቀባይ ያለው ሕዋስ ግፊያውን አያሸንፍም። በሒሳባችን ይህ ክምችቱን ከመቀነስ ጋር ይመሳሰላል። ለብቻው መራጭ አያደርግም፤ ከደካማ እጆች ጋር ሲሆን ግን የመያዣውን ደፍ ወደ ላይ ይገፋል። በደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ቅንጣቱን እንዳያለብሱት መቀነሱ ተጨማሪ ጥቅሙ ነው። ፀጉሩ ከእጁ ከረዘመ ግን እጁ ተቀብሮ ይቀራል።

የትኛውን?

ዒላማው በጤናማው ላይ ከሌለ አንድ ጠንካራ እጅ፤ ሁሉንም ማጥመድ ከተፈለገ ብዙ ጠንካራ። ልዩነቱ የቁጥር ከሆነ ወደ ደካማዎቹ ሂዱ፤ የተቀባዩ ቁጥርና ጥንካሬው ሲባዙ በታማሚው ላይ ወደ 1 የሚጠጋበትን፣ በጤናማው ላይ ከ1 በእጅጉ የሚያንስበትን እጅ ፈልጉ። ይህ ብዜት በሁለቱም ላይ ከ1 በላይ ከሆነ እጁ ጠንክሯል፤ በሁለቱም ላይ ኢምንት ከሆነ ደክሟል። እጁ የሚንጠለጠልበት ክር ደግሞ ብዙ ተቀባዮችን እንዲያዳርስ በቂ ርዝመት ይኑረው፤ አጭርና ግትር ክር ላይ ያለ እጅ ከፊቱ ያለውን አንድ ተቀባይ ብቻ ስለሚያይ የመንገዶቹ ብዛት ይጠፋል።

የመጀመሪያው ተማሪዬ ዒላማው በባክቴሪያ ግድግዳ ላይ ብቻ የሚገኝ ስኳር ስለሆነ ጠንካራ እጁን ይዞ ቀጥሏል፤ ትክክል ነው፣ ፈርሜለታለሁ። ሁለተኛው ተረቱን ትቶ ባለ 20 እጁን ንድፍ በኮምፒውተር እያስመሰለ ነው፤ ጥንካሬውን በግማሽና በእጥፍ እየለዋወጠ ብልጫው የት እንደሚሰበር እንዲያሳየኝ ጠይቄዋለሁ። ፎጣዋን ስትመለከት የነበረችው ሦስተኛዋ ድብልቁን መርጣለች፤ ነገር ግን የሁለተኛው ተቀባይ ቁጥር በጤናማው ሕዋስ ላይ ስንት እንደሆነ እጇ ላይ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያ ወሯን የምታሳልፈው እጅ በመንደፍ ሳይሆን፣ ሕዋሶቹን አንድ በአንድ በሚለካው በፍሎው ሳይቶሜትሪ እያሳለፈች ተቀባይ በመቁጠር ነው።